ለኤል ፒ ኤን (ፈቃድ ያለው የተግባር ነርስ) ትምህርት ቤት ለማመልከት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦

«የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። 38 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲ ኤን ኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። 12ኛ ክፍልን ደሴ በ1998 ዓ.ም. ጨርሼ ከአንድ የግል ኮሌጅ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት ለኤል ፒ ኤን ሳመለክት ቲስ በሚባለው የመግቢያ ፈተና 58 ይጠየቅ ነበር፤ እኔ 54.7 አመጣሁ። ሒሳብ 73.5፣ ንባብ 46.2፣ ሳይንስ 50፣ እንግሊዝኛ 51.5 ነው። ንባቡ ላይ ሰዓት አልቆብኝ ዘጠኝ ጥያቄ ሳልነካ ቀረ። የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴንም ‹ስሙ ከግሪን ካርድሽ ጋር አይገጥምም› ብለው መለሱብኝ። አሁን የማውቃት ሴት ሌላ ስቴት ያለ ትምህርት ቤት ነገረችኝ። ፈተና የለውም፣ ሁሉም በኦንላይን ነው፣ በስድስት ወር ያልቃል፣ 12 ሺህ ዶላር ነው፤ ግማሹን በዚህ ወር ክፈይ አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦

እህታችን፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ እንነሳ፤ ገንዘቡን አይክፈሉ። ለኤል ፒ ኤን ፈቃድ የሚያበቃ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦንላይን አይሰጥም። በቨርጂኒያ ደንብ አንድ የተግባር ነርሲንግ ፕሮግራም ቢያንስ 400 ሰዓት ከታካሚ ጋር በአካል የሚሠራበት ክሊኒካል ሊኖረው ይገባል። የክፍሉ ትምህርት በኦንላይን ቢሰጥ እንኳ እነዚህ ሰዓታት ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም ሄደው በአስተማሪ ፊት የሚሠሩ ናቸው። ሴትየዋን «ክሊኒካሉ የት ነው? ከየትኛው ተቋም ጋር ውል አላችሁ?» ብለው ይጠይቋት። መልሱ ከተድበሰበሰ ነገሩ አልቋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የፌዴራል መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ብሎ በሰየመው ምርመራ 25 ሰዎች ተከሰዋል። ፍሎሪዳ ካሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ተሽጧል ነበር ክሱ። ከገዢዎቹ በሺህ የሚቆጠሩት የፈቃድ ፈተናውን አልፈው ሥራ ይዘው ነበር፤ በኋላ ግን የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃዳቸውን መንጠቅ ጀመረ። ገንዘቡ ሄደ፣ ስማቸውም በቦርድ መዝገብ ላይ ተበላሸ። እርስዎ ዛሬ ያለዎት የሲ ኤን ኤ ምዝገባም የሚተዳደረው በዚያው ቦርድ ነው፤ ስለዚህ የሚያጡት ስድስት ሺህ ዶላር ብቻ አይሆንም። «ፈተና የለውም» መባሉ ብቻውን ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ ቲስ የማይጠይቁ፣ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና የሚሰጡ ደህና ትምህርት ቤቶች አሉ። ማስጠንቀቂያው ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው፦ ክሊኒካል የለም፣ ከተለመደው አንድ ዓመት ግማሹን ይፈጃል፣ ክፍያው ደግሞ በሰው እጅ ነው።

ትክክለኛውን ለመለየት የቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የጸደቁ የተግባር ነርሲንግ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይክፈቱ። ከየስማቸው ጎን ያለው ቃል ትርጉም አለው። «ሙሉ ፈቃድ» ያለው የተረጋጋ ነው። «የመጀመሪያ ፈቃድ» ያለው አዲስ ስለሆነ ገና የውጤት ታሪክ የለውም። «ሁኔታዊ ፈቃድ» የተሰጠው ደግሞ ቦርዱ እንዲያስተካክል ያዘዘው ነገር አለ ማለት ነው። ቦርዱ የየትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ኤንክሌክስ ፒ ኤን በሚባለው የፈቃድ ፈተና ያመጡትን ውጤትም ያወጣል። በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት ቢያንስ 80 በመቶው ማለፍ አለባቸው፤ ከዚያ የወረደ ትምህርት ቤት ቦርዱ ዓይኑን ይጥልበታል።

ይህን ቁጥር ግን እንዳለ አይዋጡት። አንዳንድ ትምህርት ቤት ከመመረቂያው በፊት የራሱን የማጠቃለያ ፈተና አስቀምጦ ያላለፈውን ተማሪ ስም ወደ ቦርድ አይልክም። 40 ሰው ገብቶ 18 ብቻ ተፈትኖ 17 ቢያልፍ በወረቀት ላይ ከ94 በመቶ በላይ ነው፤ የቀሩት 22 ግን ከፍለው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል። ስለዚህ የአድሚሽን ሠራተኛውን «ካለፈው ዙር ስንት ገቡ? ስንቱ ኤንክሌክስ ተፈተኑ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ። በቃል የሚመልስና በጽሑፍ የማይመልስ ትምህርት ቤት ራሱን አሳወቀ።

ወደፊት አር ኤን (ከኤል ፒ ኤን በላይ ያለው የነርስ ደረጃ) ለመሆን ካሰቡ አንድ ነገር ይጨመራል። የስቴት ፈቃድ ለኤል ፒ ኤን ፈተና ይበቃል፤ ከኤል ፒ ኤን ወደ አር ኤን በሚያሻግሩ ፕሮግራሞች ግን የብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ክሬዲት አይተላለፍም። አክሬዲቴሽኑን ይጠይቁ፤ የተግባር ነርሲንግን ከሚያረጋግጡት አንዱ ኤሲን ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚያገኙት ክሬዲት ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይሻገራል። በአገር ቤት ነርስ የነበረ ሰው ይህን ሲያነብ ደግሞ፣ «የእርስዎ መንገድ ይህ አይደለም» እንለዋለን፤ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ዲግሪውን ወይም ዲፕሎማውን ቀድሞ ሲ ጂ ኤፍ ኤን ኤስ ይባል በነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት በሚባለው ድርጅት ያስገምግም።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ብዙ ሰው ቅጹን በመሙላት ይጀምራል። ቅጹ አንድ ምሽት ይበቃዋል፤ ወራት የሚበላው ከደሴ የሚመጣው ወረቀት ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያን ማመልከቻም የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ መጀመር ያለበት እሱ ነው።

የሚያስፈልጉዎት ሁለት ሰነዶች ናቸው፦ ከተማሩበት ትምህርት ቤት የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ እና የብሔራዊ ፈተና ውጤት ሰርተፊኬት። ሁለተኛውን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እህት እንዲጨርስልዎ ካሰቡ ትምህርት ቤቱ ውክልና ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድመው በስልክ ያጣሩ። ከጠየቀ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ ተፈርሞ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል።

ቀጥሎ የአሜሪካን ደረጃ የሚያሳይ ግምገማ ነው። የናሴስ (የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል ከሆኑት አንዱ፣ ለምሳሌ ደብሊው ኢ ኤስ ወይም ኢ ሲ ኢ፣ ይሠራዋል። ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤትዎ የትኛውን እንደሚቀበል ይጠይቁ። ሁለተኛ ደረጃን መጨረስዎን ለማሳየት ሰነዱን ብቻ የሚያየው ርካሹ ግምገማ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እያንዳንዱን ኮርስ የሚዘረዝረው የሚጠቅመው የኮሌጅ ክሬዲት ማስቆጠር ለሚፈልግ ነው። የአካውንቲንግ ዲፕሎማዎ እዚህ ብዙም አያስቆጥርም፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ። ቅጹ «የተማሩበትን ሁሉ ይዘርዝሩ» ካለ ግን ኮሌጁን ይጻፉት። መደበቅ ኋላ ሲገኝ ከመባረሪያ ምክንያቶች አንዱ ነው። ትራንስክሪፕቱ እርስዎ እጅ ደርሶ ከሄደ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ ታሽጎ በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ ወደ ገምጋሚው ድርጅት መላክ አለበት። ፖስታውን «እስቲ ልየው» ብለው እንዳይከፍቱት።

የስሙ ጉዳይ። አገር ቤት ትምህርት ቤት አንዳንድ ጊዜ የራስንና የአባትን ስም ጽፎ የአያትን ይተዋል፤ ግሪን ካርድ ደግሞ አያትን የቤተሰብ ስም አድርጎ አባትን መሃል ያስገባል፤ የእንግሊዝኛ ፊደሉም እንደ ጸሐፊው እጅ ይለያያል። አንድ «ኤች» ጎደለች ብሎ ኮምፒዩተሩ ሌላ ሰው ያደርግዎታል። መሠረቱ ግሪን ካርዱ ይሁን፤ ቲስን፣ የክትባት ወረቀቱን፣ የሲ ፒ አሩን (የልብና የትንፋሽ ማዳን ሥልጠና) ወረቀት፣ ማመልከቻውን ሁሉ በዚያው አጻጻፍ ያስመዝግቡ። ለአሮጌው ትራንስክሪፕት ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ትምህርት ቤቱ በራሱ ማኅተም ሙሉ ስምዎን በግሪን ካርዱ አጻጻፍ ጠቅሶ «አንድ ሰው ናት» የሚል ደብዳቤ እንዲያያይዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው እዚህ ኖተሪ ፊት የሚፈረም፣ ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ነው። ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል። በብዕር ማስተካከል፣ በኮምፒዩተር ማረም ፈጽሞ አይሞከርም። ኋላ ኤንክሌክስ ሲፈተኑም በመታወቂያዎና በፈተና ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ በሩ ላይ ይመልስዎታል፤ አሁን ያስተካከሉት ያኔም ያገለግላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ችግር ያመጣል። ትራንስክሪፕትዎ ላይ 1998 የሚለው ዓ.ም. መሆኑ ካልተጻፈ ገምጋሚው በፈረንጅ 1998 ያነበዋል፤ ያኔ እርስዎ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ደብዳቤውም ትርጉሙም ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን ይጥቀስ፤ የልደት ቀንዎንም እንዲሁ።

ወረቀቱ ከአገር ቤት ጭራሽ አልመጣ ካለ ሁለተኛ ደረጃን እንደመጨረስ የሚቆጠረው የጂ ኢ ዲ ፈተና አለ። አራት ትምህርት ነው፤ በእያንዳንዱ 145 ማለፊያ ነው። ለሒሳብ ሰው ከባድ አይደለም። የንባብ ክፍሉም ለቲስ ያዘጋጃል። ሁለት ወር ጠብቀው ከደሴ ድምፅ ካልመጣ ይህን ጎን ለጎን ይጀምሩ።

ቲስን በተመለከተ ተስፋ የቆረጡ ይመስላል፤ ቁጥሩን ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ፈተናው 170 ጥያቄ ነው፤ 20ው አይቆጠርም፣ 150ው ይቆጠራል። ውጤቱ በፈተና ቅጂዎች መካከል ስለሚመጣጠን ስሌቱ ግምት ነው፤ ሆኖም 54.7 ወደ 82 ጥያቄ ትክክል ማለት ነው። 58 ደግሞ 87 ነው። የጎደለዎት አምስት ጥያቄ ነው፤ ንባብ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ሳይነኩ ትተዋል። ቲስ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። ሰዓት ሲያልቅ ምንም ሳያነቡ እንኳ መልስ ይጫኑ፤ ከአራት ምርጫ አንዱን በዕድል ቢሞሉ ከዘጠኙ ሁለቱ ይገባሉ።

ሌላው ከሥልጠና ይመጣል። ንባብ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 73 ሴኮንድ ገደማ። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የሚዘገየው ጽሑፉን ሙሉ አንብቦ በልቡ እየተረጎመ ስለሚሄድ ነው። ጥያቄውን አስቀድመው ያንብቡ፣ ከዚያ መልሱን ፍለጋ ወደ ጽሑፉ ይሂዱ። ከሥራ በፊት በየቀኑ ስድስት ጥያቄ በሰባት ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት ይዘው ይለማመዱ። ሁለት ሰዓት በአንድ ቅዳሜ ከማጥናት ይህ ይሻላል። ለንባብ ቁሳቁስ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜድላይን ፕላስ የሚለው ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ ለታካሚ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ቃላቱ ለሳይንሱም ለሥራዎም ያገለግላሉ።

ሳይንስ ላይ ከሚቆጠሩት 44 ጥያቄዎች 18ቱ ከሰውነት አካላትና ሥራቸው ነው። ኬሚስትሪ 8 ብቻ ነው። ብዙዎች ግን የኬሚስትሪውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ሲሸመድዱ ይከርማሉ። ልብና ደም ዝውውርን፣ ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ ሆርሞንን አስቀድሙ። ሒሳቡን አይንኩት፣ ደህና ነው፤ የአሜሪካን መለኪያ ብቻ ይያዙ፦ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ፣ አንድ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር። ከገቡ በኋላ ለመድኃኒት ስሌት በየሳምንቱ ይፈለጋል። ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚቻል፣ በመሃል ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትና ውጤቱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ቀን ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ።

የጤና ወረቀቱ ከተቀበሉዎት በኋላ የሚጠየቅ ይመስላል፤ ግን ከቀናት አቆጣጠሩ የተነሳ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። መጀመሪያ ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ጊዜ የተሰጠዎትን የክትባት መዝገብ ይፈልጉ፤ ኩፍኝ፣ ጉድፍና ሄፓታይተስ ቢ እዚያ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ያ ከጠፋ ደም ሰጥተው የመከላከል አቅምዎን ማስለካት ይችላሉ። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ይሰጣል፤ ሄፕሊሳቭ ቢ የሚባለው ግን ሁለት መርፌ በአራት ሳምንት ልዩነት ነው፤ ጊዜ ካነሰዎት እሱን ይጠይቁ።

ለቲቢ ምርመራ የክንድ መርፌውን እምቢ ማለት ይችላሉ። በልጅነታችን የተወጋነው የቢ ሲ ጂ ክትባት ክንድ ላይ እብጠት ሊያመጣና «ፖዘቲቭ» ሊያስብል ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባለው የደም ምርመራ በቢ ሲ ጂ አይታለልም። ትምህርት ቤቱ መርፌውን ብቻ ነው የምቀበለው ካለ ሁለት ዙር ነው፤ አንዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይነበባል፣ ሁለተኛው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። የኩፍኝ ወይም የጉድፍ ክትባት ከወሰዱ የቲቢ ምርመራውን በዚያው ቀን ያድርጉ፣ አለዚያ አራት ሳምንት ይጠብቁ፤ ክትባቱ ውጤቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። ሲ ፒ አር ለጤና ባለሙያ የሚሰጠው ቢ ኤል ኤስ መሆን አለበት፤ በኦንላይን ብቻ የሚሰጠውን አይቀበሉም።

የወንጀል ታሪክና የዕፅ ምርመራም አለ። ማሪዋና በቨርጂኒያ ለአዋቂ የተፈቀደ ቢሆንም ክሊኒካል የሚሰጠው ሆስፒታል ፖዘቲቭ የሆነን ተማሪ አያስገባም። ጫትም ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ «የአገር ቤት ቅጠል ነው» የሚል ማስረጃ አይሠራም።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ግሪን ካርድ ስላለዎት የፌዴራል እርዳታ ለመጠየቅ ብቁ ነዎት። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ይሙሉ፤ ለ2025–26 የማይመለሰው የፔል ግራንት እርዳታ ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር። የሚታየው ገቢ ከሁለት ዓመት በፊት ታክስ ላይ ያለው ነው፤ ባለቤትዎም የራሱን መለያ ከፍቶ ፈቃዱን መስጠት ሊኖርበት ይችላል። ያ ሳይሆን ሲቀር ቅጹ ሳይጠናቀቅ ይቀመጣል። ፋፍሳን የማይቀበል የግል ትምህርት ቤት አለ፤ መጀመሪያ ይጠይቁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሄዱ ጂ ስሪ የሚባለው የቨርጂኒያ ድጋፍ የመረጡትን ፕሮግራም ይሸፍን እንደሆነ የፋይናንስ ቢሮውን ያነጋግሩ።

በመጨረሻ የሥራ ሰዓትዎ። ክሊኒካል ብዙ ጊዜ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6፡45 ወይም 7 ይጀምራል፤ የእርስዎ ሺፍት ደግሞ ያኔ ነው የሚያልቀው። ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት ታካሚ ፊት መቆም ለሁለት ሳምንት ይቻላል፣ ለዓመት አይቻልም። ያመለጠ የክሊኒካል ሰዓት መሞላት አለበት፤ ከተወሰነው በላይ ካመለጠ ከፕሮግራሙ ያስወጣል። ስለዚህ ከአሁኑ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሺፍት መዛወር ይቻል እንደሆነ ሱፐርቫይዘርዎን ይጠይቁ። የማታ ፕሮግራም የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ግን አንድ ዓመት የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ይረዝማል።

ነርሲንግ ሆሞች ኤል ፒ ኤን ስለሚያጥራቸው የሠራተኛቸውን የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑም አሉ። የሰው ኃይል ክፍሉን ሲያነጋግሩ ስንት ዓመት እንዲሠሩ እንደሚያስገድድ፣ ኤንክሌክስ ባያልፉ ወይም እነሱ ቢያሰናብቱዎ ገንዘቡን ማን እንደሚመልስ ውሉ ላይ ይፈልጉ። ያ አንቀጽ ከሌለ እንዲጻፍ ይጠይቁና ከዚያ ይፈርሙ።